ጎመራ ናደውን የሸኘችበት ዓመት

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትድከሙ። መንገዱን የሚያውቁት ሰዎች አርጅተው አልቀዋል፤ የቀሩትም ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ እንደ ሰማሁት እነግራችኋለሁ። እየሰማችሁ የምታውቁት አገር ትዝ ካላችሁ ግን ጥፋቱን በእኔ ላይ አታድርጉት።

በዚያ አገር ከተሞች የሚፎካከሩት በዱላ ጨዋታ ነበር። ወርዋሪው ኳስ ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ይመታታል፤ ከመታም በኋላ ሜዳው ላይ የተተከሉትን ጉቶዎች ሮጦ ይዞራል። ሌሎቹ ሜዳው ላይ ተበትነው ኳሷን ይጠብቃሉ፤ ቀላቢ ይባላሉ። መሬት ሳትነካ ከቀለቧት መቺው ከጨዋታ ወጣ። ካመለጠቻቸው ዞሮ ይገባል፤ ለከተማውም ነጥብ ይሆናል። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የሁሉም ከተማ ተጫዋቾች ይገጥማሉ፤ በመጨረሻ ያሸነፈው ከተማ የአገሩን ትልቁን ገበያ ለአንድ ዓመት ይወስዳል።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ገበያው ያለበት ከተማ ሸማኔው ይሸምናል፣ ሸክላ ሠሪዋ ትሸጣለች፣ ሙሽራ ይዳራል። ገበያው ጥሎት የሄደ ከተማ ደግሞ በሩን ዘግቶ የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቃል።

ተጫዋቾቹ የሚከፈላቸው በእህል ነው። እህሉም የሚወጣው ከአንድ ጎተራ ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቤት ካመረተው ላይ የሚያዋጣበት ይህ ጎተራ የዱላ ጎተራ ይባላል። ሰገነት የምትባለው ከተማ የጨው ነጋዴዎች መንገድ ላይ ስለተቀመጠች ጎተራዋ ከሩቅ ኮረብታ ይመስላል። የጎመራ ጎተራ ግን ከአንዲት ጎጆ አይበልጥም ነበር። ሕጉ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ያለህን ክፈል፣ አትበደር ይላል። ንጉሡ ይህን ሕግ ሲያወጡ እኩልነት ነው ብለው ነበር ይባላል።

ማን ምን ያህል እንደሚያገኝ የሚወስነው ደግሞ ሊቀ ጭብጨባ የሚባል ሹም ነው። የጎመራው ሊቀ ጭብጨባ ፈንታዬ ይባሉ ነበር። ጨዋታ ሲኖር ከሜዳው ፊት ለፊት ካለው ጉብታ ላይ ይወጡና ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ጀርባቸውን የሚሰጡት እንዳያዳሉ ነው፤ ሹም ጨዋታውን ካየ ያዳላል ተብሏልና። ጭብጨባው እሳቸው ዘንድ ከደረሰ «ማነው የመታው?» ብለው ወደ ታች ይጮኻሉ። ስሙ ይነገራቸዋል፤ የዚያ ሰው ድርሻ ይጨመራል። ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ለመቺ ብቻ ነው። ለቀላቢ ማጨብጨብ ክልክል አልነበረም፤ ግን ማንም አስቦት አያውቅም።

አንድ ሰው ጭብጨባው ከበዛ ድርሻው በገበያ መካከል በነጋሪት ይታወጃል። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ቢጠፋም አንበጣ ቢመጣም ነጋሪቱ የተናገረው መስፈሪያ አይቀነስም። ያ ሰው የነጋሪት ሰው ይባላል።

ናደው የጎመራ የነጋሪት ሰው ነበር።

ወደ ጎመራ ሲመጣ ጢሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነበር፤ ከቆላ ጥጥ ለቀማ የመጣ። አባ ድንበሩ የሚባሉ የጎመራ የሜዳ አባት፣ ተጫዋች መርጠው የሚያሠለጥኑት ሰውዬ፣ ይህ ልጅ ሎሚ ወደ ላይ እየወረወረ በእንጨት ሲመታ አዩት። ሎሚዋ አጥር ተሻግራ ቤት ተሻግራ ሄደች። አባ ድንበሩ የዚያኑ ዕለት ወደ ቤታቸው ወሰዱት፤ አበሉት፤ አጠገባቸው አሳደጉት። ልጁም ካደገ በኋላ ለጎመራ ገበያውን አመጣላት፤ ደጋግሞም አመጣላት። ከተማዋ ከደስታዋ ብዛት የጎተራዋን ግማሽ የሚሆን መስፈሪያ ለናደው ጸጉሩ እስኪሸብት በነጋሪት አወጀችለት። ያን ጊዜ ጎተራው ሙሉ ነበር፤ ሰው ሲጠግብ ደግሞ ሩቅ አያስብም።

የነጋሪት ሰው ወግ ብዙ ነው። ከሜዳ ውጪ እግሩ መሬት አይነካም፤ በወንበር ተሸክመው ይወስዱታል። ከፍ ካለ ቤት ብቻውን ይኖራል፤ ብቻውን ይበላል። ያሳደገው ሰው እንኳ አንተ አይለውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ችግር ለእሱ ማውራት ክልክል ነው፤ ኀዘን ክንድ ያሰንፋል ይባላል።

ከዚያ ሁለት ክረምት በተከታታይ ዝናቡ ቀረ።

የጎመራ ጎተራ ጠበበ፤ የናደው መስፈሪያ ግን ያው ነው። በፊት ግማሽ የነበረው አሁን ከሞላ ጎደል ሁሉም ሆነ። የጎተራው ኀላፊ ወይዘሮ ዘለቃ የሚባሉ ሴት ነበሩ። መጀመሪያ የነጋሪቱን ድርሻ ይሰፍራሉ፤ የቀረውን ለሌሎቹ ያከፋፍላሉ፤ ሲያከፋፍሉም ቀና ብለው የሰው ፊት ማየት ተሳናቸው። ቀላቢዎቹ ጠዋት ሰው ቤት እያረሱ፣ እንጨት እየፈለጡ፣ ከሰዓት በኋላ እየተጎተቱ ወደ ሜዳ ይመጡ ጀመር። የምሩ የሚባለው ጥሩው ወርዋሪያቸው ልጆቹን ይዞ ወደ ሰገነት ሄደ። ሲሄድ ማንንም አልተሰናበተም።

ያን ዓመት ጎመራ ተሸነፈች። የሰገነት ሰዎች መጥተው የገበያውን ሚዛን ፈትተው በበቅሎ ጫኑ፤ የዳሱን ገመድ ጠቅልለው ወሰዱ። ሸክላ ሠሪዎቹ ያልተሸጠ ዕቃቸውን ይዘው ቆመው ያያሉ። በየመንደሩ አንድ ወሬ ብቻ ሆነ።

«ናደው በላን» ይባል ጀመር።

አንድ ቀን ወይዘሮ ዘለቃ የናደውን እህል አስጭነው ወደ ቤቱ ወጡ። ናደው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ዱላውን በጨርቅ ይወለውላል።

«እትዬ ዘለቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አላቸው።

«ይጠይቁኝ፣ ጌታው።»

«ጌታው የሚለውን እንኳ ይተዉልኝ፤ እዚህ የሚሰማ የለም። እኔ እመታለሁ፤ ኳሷም ትሄዳለች። ግን እንሸነፋለን። የኛ ሰዎች ለምንድነው የማይሮጡት? አጠገባቸው ስትወድቅ ቆመው ያዩዋታል። ሰነፉ? ወይስ እኔን ጠልተው ነው?»

 ወይዘሮ ዘለቃ መናገር ክልክል መሆኑን ያውቃሉ። ቀና ብለው ሲያዩት ግን ያንን ሎሚ ሲመታ የነበረውን ልጅ አዩ።

«ልጄ» አሉት ወጉን ጥለው፣ «ሰዎቹ እኮ የሚበሉት የላቸውም።»

«እንዴት? ጎተራው እያለ?»

«ጎተራውማ ይኸው አንተ ቤት ነው።»

ናደው ተነሣና ወደ ጓዳው ገባ። እህል የሚቀመጥበትን ክፍል ራሱ ከፍቶ አይቶት አያውቅም፤ የሚያስገቡለት ሌሎች ናቸው። ስልቻው በስልቻ ላይ ተደራርቧል። ከታች ያሉትን ነቅዝ ጨርሷቸዋል፤ በጣቱ ሲነካቸው ዱቄቱ ብን አለ። አንድ ሰው ስንት ይበላል? ተመልሶ መጣና መሬት ላይ ተቀመጠ፤ በወጉ የማይፈቀድለት ነገር ነበር።

«አባ ድንበሩስ?» አለ። «እሳቸውስ ምን ይበላሉ?»

ወይዘሮ ዘለቃ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

በማግስቱ ናደው ሊቀ ጭብጨባን አስጠራቸው። ፈንታዬ ካባቸውን ደርበው መጡ።

«እህሉን ልመልስ እፈልጋለሁ» አላቸው።

«አይቻልም» አሉ ፈንታዬ። «ነጋሪት የሰጠዎትን ከመለሱ ነጋሪቱ ዋሸ ማለት ነው። ነጋሪቱ የንጉሡ አፍ ነው። ስለዚህ ንጉሡ ዋሹ ማለት ነው። ይህን ይፈልጋሉ?»

«አልፈልግም። ለተጫዋቾቹ በስጦታ ልስጣቸውስ?»

«የነጋሪት ሰው ስጦታ ይቀበላል እንጂ አይሰጥም።»

«ልጣለውስ?»

ሊቀ ጭብጨባ ጥቂት አሰቡ። «መጣል ይቻላል። መጣልን የሚከለክል የለም። የተጣለውን ያነሣ ሰው ግን ይቀጣል።»

ናደው ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም። «እንግዲያው ከዚህ የምሄድበት ሕግ አለ?»

«አለ። ሌላ ከተማ ፈልጎዎት ድርሻዎን ሙሉውን ከተሸከመ፣ በምትክዎ ሰው ሰጥቶ ሊወስድዎት ይችላል። ፈላጊው ግን ያ ከተማ መሆን አለበት። የነጋሪት ሰው በገዛ ፈቃዱ ሄደ የተባለ እንደሆነ ልውውጡ ይፈርሳል። ከልውውጡ በኋላ ያለው የዓመቱ ጨዋታ አልቆ ገበያው ከተሰጠ በኋላ ነው የማይፈርሰው።» ፈንታዬ ለመሄድ ተነሡ፤ በሩ ላይ ሲደርሱም ቆም አሉ። «የኔም ቤት ራት ካየ ሰንብቷል፣ ጌታው። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። ዛሬ ደግሞ እዚህ መጥቼ ምንም አልሰማሁም።»

ናደው አባ ድንበሩን ያገኛቸው ሜዳው ላይ ነበር፤ እዚያ ብቻ ነው በእግሩ የሚቆመው። ወደ ሰገነት የመሄድ ሐሳቡን ሲነግራቸው ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ።

«አንተን ከምሰጥ ይህን ሜዳ አርሼ ጤፍ ብዘራበት ይሻለኛል» አሉ፣ ወጉን ረስተው አንተ እያሉት።

«ጤፍም ቢዘሩ መጀመሪያ የሚሰፈረው ለእኔ ነው፣ አባ።»

«ሕዝቡ ይረግምሃል። ጎተራ አሳዶ ሄደ ይልሃል። እውነቱንም መናገር አንችልም።»

«ይበሉኝ። እርስዎና እትዬ ዘለቃ ካወቃችሁ ይበቃኛል።»

 ከዚያ በኋላ አባ ድንበሩ ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው ጠየቁ። «በምትክህ ማንን ልበል? ሰገነቶች ካረጁት መቺዎቻቸው አንዱን ነው የሚሰጡን፤ እሱም ደግሞ የራሱ ነጋሪት አለው።»

«መቺ አይጠይቁ። ቢሻውን ይጠይቁ።»

«ቢሻው ማነው?»

«ማንም አያውቀውም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ» አለ ናደው። «በግራ በኩል ጠርዝ ላይ የሚቆም አጭር ሰው ነው። ሲቀልብ መሬት ላይ ስለሚወረወር ልብሱ ንጹሕ ሆኖ አይቼው አላውቅም። በዕድሜዬ የመታኋቸውን ምርጥ ምርጥ ኳሶች የበላብኝ እሱ ነው። በንዴት ምግብ ያስጠላኝ ሰው ነው፣ አባ። ሰገነቶች ትልልቆቹ ሲደክማቸው ብቻ ነው የሚያስገቡት። እንደሱ ያበሳጩኝ ሌሎች ሁለት ቀላቢዎች አሉ፤ እነሱንም ይጨምሩ። የኛንም የምሩን ይመልሱልን ይበሏቸው። ቤቱን እንደናፈቀ ሰምቻለሁ።»

አባ ድንበሩ ሰገነት ሄደው፣ ናደውን የምትፈልጉት ከሆነ ዋጋው ይህ ነው ሲሉ የሰገነት ሹም በሳቅ ፈረሱ። ናደውን ከፈለጉት ቆይተዋል፤ ነጋሪት የታወጀላቸው ሰዎች ስብስብ ነበራቸው፤ ናደው ብቻ ነበር የጎደለው። «እነዚህን ነው የምትፈልጉት?» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ስማቸው የማይታወቅ ሌላ ሰውም ካስፈለጋችሁ ልጨምርላችሁ።» በዚያው ቀን ሰገነት ናደውን እንደምትፈልግ በአዋጅ አስነገረች።

ናደው የሄደ ዕለት ጎመራ መንገድ ዳር ወጣች፤ ግን ጀርባዋን ሰጠችው። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ አጥር አዙሮ ቆመ። አንዲት ሴትዮ ብቻ ዘወር ብላ «ጎተራችንን ጨርሰህ ጎተራ ቀየርህ!» ብላ ጮኸችበት። ወይዘሮ ዘለቃ ከሰዉ መካከል ቆመው ከንፈራቸውን ነከሱ። አንድ ቃል ቢተነፍሱ ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ናደው ወንበሩ ላይ ሆኖ ወደ ፊት ያያል፤ ወደ ማንም አልዞረም። አባ ድንበሩ እስከ ወንዙ ድረስ ከወንበሩ ጎን ሄዱ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ትከሻውን ያዙት።

«በርታ» አሉት። 

«ይመለሱ አባ፤ ፀሐዩ ከረረ» አላቸው።

ከሰገነት የመጡት ሰዎች ጎመራ ሲገቡ የተቀበላቸው የለም። ቢሻው ትንሽ ጥቅል በብብቱ ይዞ፣ ቤቱ የት እንደሆነ እስኪነገረው ድረስ ሜዳው ዳር ቆሞ ጠበቀ። የሰው ዓይን ከበደው። የምሩ ደግሞ ከሁሉም ኋላ አንገቱን ደፍቶ መጣ። በጎተራው በር ወይዘሮ ዘለቃን ሲያገኛቸው ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ።

«ቁጭ በል፤ ወጡ ይቀዘቅዛል» አሉት።

ወጥ ነበራ! የናደው ድርሻ ወደ ሰገነት ስለዞረ ጎተራው ውስጥ የቀረው እህል የጎመራ ሆነ። ወይዘሮ ዘለቃ ትልቅ ድስት አስጥደው ለተጫዋቾቹ ሁሉ ጠዋትና ማታ ያበሉ ጀመር። ይህን የሰሙት ሊቀ ጭብጨባ ካባቸውን ደርበው ደረሱ።

«ይህ ምንድነው?» አሉ።

«ቀላቢዎቹን እየቀለብኩ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘለቃ።

«ድርሻ የሚሰጠው በጭብጨባ ነው! ለእነዚህ ሰዎች ደግሞ ጉብታው ድረስ የደረሰ ጭብጨባ የለም።»

«ድርሻ አልሰጠሁም። ማንም እህል ይዞ ወደ ቤቱ አልሄደም። ሰዎች በምሳ ሰዓት መጡ፤ ‹ኑ፣ ብሉ› አልኳቸው። እንግዳ ማብላት በየትኛው ሕግ ነው የተከለከለው?»

ፈንታዬ ሕጎቹን ሁሉ በልባቸው ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አመላለሷቸው። ስለ እንግዳ የሚናገር አጡ። ወጡ ደግሞ ይሸታል።

«እኔስ እንግዳ ነኝ?» አሉ በመጨረሻ።

«ይግቡ እንጂ፣ ሊቀ ጭብጨባ።»

ገቡና በሉ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሕግ ማጣራት አለብኝ እያሉ በየቀኑ ይመጡ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ክረምቱ አለፈ። ተጫዋቾቹ ሰው ቤት ማረሱን ትተው ሜዳ ላይ ይውላሉ። ቢሻው ብዙ አይናገርም፤ ግን መቺው ገና ዱላውን ሲያነሣ እግሩን አይቶ ኳሷ የምትሄድበትን ያውቃል። ሌሎቹም እሱን እያዩ ይህን ተማሩ። የምሩም እንጨት ሲፈልጥ የተጎዳው ትከሻው እየዳነ ሄደ። አዝመራ ተሰብስቦ ውድድሩ ሲጀመር ረዥም የሚመታ ሰው አልነበራቸውም፤ አጭር አጭር እየመቱ፣ እየሮጡ፣ ሲሆን በአንድ ነጥብ እያሸነፉ ቀጠሉ። የጎመራ ሕዝብ መጀመሪያ ላይ ለማየት እንኳ አልመጣም ነበር። ቀስ በቀስ አንድ ሁለት እያለ አጥሩ ዳር ይቆም ጀመር። ጨዋታው የሚያስጨበጭብ አልነበረም፤ ማሸነፉ ግን አልቀረም።

በመጨረሻ ጎመራና ሰገነት ለገበያው ተገናኙ፤ ጨዋታውም በጎመራ ሜዳ ሆነ።

ሰገነቶች ነጋሪት የታወጀላቸውን ሰዎች ሁሉ በወንበር አሰልፈው መጡ። የወንበሩ ብዛት መንገዱን ዘጋው። ሜዳ ላይ ሲወርዱ ግን አንዱ ለሌላው ኳስ ለማቀበል አይጎነበስም፤ ሁሉም መምታት ነው የሚያውቀው፤ ኳሷ በመካከላቸው ስትወድቅ እርስ በርስ ይተያያሉ። ናደው ብቻውን እየሮጠ ያነሣል። የጎመራ ሰዎች ይህን አዩ፤ ግን ገና ቂማቸው አልወጣም፤ ዱላ ይዞ በቆመ ቁጥር ያጉረመርማሉ።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ጎመራ በአንድ ነጥብ ትመራ ነበር። የሰገነት አንድ ሰው ጉቶ ላይ ቆሟል። የመጨረሻው መቺ ናደው ነው። እሱ ከመታና ኳሷ ካመለጠች ሁለቱም ይገባሉ፤ ገበያውም ሰገነት ይቀራል።

የምሩ ኳሷን በእጁ አገላበጣት። አባ ድንበሩ ማየት አቅቷቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የምሩ ወረወረ፤ ናደው መታ።

የዱላው ድምፅ ብቻ እንዴት እንደመታ ይናገራል። ኳሷ ወደ ግራ ጠርዝ ከፍ ብላ ሄደች። ቢሻው ግን ዱላው ሲነሣ ጀምሮ ይሮጥ ነበር። ሮጠ፣ ሮጠ፣ ኋላም እግሩ ከመሬት ተነሣ፤ አቧራው ውስጥ በደረቱ ወደቀ። ማንም ምንም አላየም። አቧራው ሲገለጥ ቢሻው ተንበርክኮ ነበር፤ እጁን ቀና አደረገ። ኳሷ እጁ ውስጥ ናት።

 ከዚያ ከአጥሩ ዳር አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሌላው ተከተለው፤ ወዲያው ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። ቢሻው ማን መጣ ብሎ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ከኋላው ማንም አልነበረም።

«ማነው የመታው?» አሉ ፈንታዬ ከጉብታው ላይ።

«መቺ አይደለም!» አላቸው ሕዝቡ። «ቀላቢ ነው!»

«ምን?»

«ቀላቢ! ቢሻው ቀለበ!»

 ሊቀ ጭብጨባ በሹመት ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው ሜዳውን አዩ፤ አይተውም እሳቸው ራሳቸው አጨበጨቡ።

ናደው ዱላውን ጥሎ ሜዳውን አቋርጦ መጣ። ቢሻውን ከመሬት አነሣው፤ አቧራውን ከትከሻው አራገፈለት። አባ ድንበሩ ደረሱባቸው፤ አንድ ጥርጣሬ ውስጣቸውን ሲበላቸው ነበርና ናደውን በጆሮው ጠየቁት።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ሆን ብለህ ምቱን አላላህልን?»

ናደው ተቆጣ። «ምን ማለትዎ ነው፣ አባ? ባለኝ ጉልበት ሁሉ ነው የመታሁት። ከዚያ በላይ የለኝም። እሱ ቀለባት!» ይህን ሲል ግን ዓይኑ በደስታ ያበራ ነበር።

ያን ጊዜ ሚዛኑ ከበቅሎ ወርዶ ለጎመራ ተሰጠ። ገበያው ተሰጠ፤ ዓመቱም አለቀ ማለት ነው፤ ልውውጡ ከእንግዲህ አይፈርስም። ወይዘሮ ዘለቃ ያን ሁሉ ወራት ይዘውት የቆዩት ነገር ደረታቸውን ሊሰነጥቀው ደርሶ ነበር። ሜዳው መካከል ወጥተው ቆሙ።

«ጎመራዎች፣ ስሙኝ!» አሉ። «ይህ ሰው ጎተራ ፍለጋ አልሄደም። እህሉን ልመልስ አለ፤ አይቻልም ተባለ። ልስጥ አለ፤ አይቻልም ተባለ። የሄደው እኛ እንድንበላ ነው። ቢሻውን የመረጠልን እሱ ነው። የምሩን የመለሰልን እሱ ነው። ጀርባችንን ሰጥተን ስንሸኘው ሁሉንም እያወቀ ዝም ብሎ ሄደ። እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ። በሉ እንግዲህ፣ አሁን እወቁት!»

ሰው ሁሉ ቆሞ ቀረ። ያቺ መንገድ ላይ የጮኸችበት ሴትዮ መጀመሪያ መጣች። እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ይዞ አነሣት። «እግዜር ይስጥልን» ብቻ ነው ማለት የቻለችው። ከእሷ በኋላ ሸማኔው መጣ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ መጡ፣ ልጆቻቸውን ያዘሉ እናቶች መጡ፤ ተራ በተራ እየቀረቡ «እግዜር ይስጥልን፣ ናደው» አሉት። ጌታው ያለው አልነበረም፤ በስሙ ጠሩት። እሱም ለእያንዳንዱ «አሜን» አለ። የሰገነት ወንበር ተሸካሚዎች ሊወስዱት መጥተው ትንሽ ጠበቁ፤ ከዚያም ትንሽ ጨምረው ጠበቁ።

ሕጉ ለሌላ ከተማ ተጫዋች ምንም እንዳይሰጥ ይከለክላል። ጋቢም፣ ማርም፣ አንዲት ቁና እህልም። ጎመራ ግን እጇ ሙሉ ነበርና መላ ፈጠረች። ገበያው ተመልሶ በቆመበት የመጀመሪያ ቀን የናደው ወንበር ተሸካሚዎች ለሰገነት ዕቃ ሊገዙ መጡ። ሸክላ ሠሪዋ አየቻቸው።

«ናደውን የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ?»

«እኛ ነን።»

«ኑ፣ ቁጭ በሉ። ብሉ» አለቻቸው። ከዚያ ሸማኔው ማር አመጣላቸው፤ ሌላዋ እርጎ አመጣች። ገና ጎርሰው ሳይጨርሱ ሰው ከበባቸው። ደህና ነው? ይበላል? ጉልበቱን ያመው ነበር፤ አሁን እንዴት ነው? ስትሸከሙት ዳገቱ ላይ ቀስ ትላላችሁ? ተሸካሚዎቹ ማንም ስለ ምንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበርና በጣም ተደሰቱ፤ ሁሉንም በዝርዝር መለሱ። ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን መጡ፤ ጎመራም በየገበያው ቀን አበላቻቸው። ትንሽም ወፈሩ።

አንድ የገበያ ቀን ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ሽበታሙ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ናደው መልእክት ልኳል» አለ።

 ወይዘሮ ዘለቃ የያዙትን መስፈሪያ አስቀመጡ፤ አባ ድንበሩ ከበርጩማቸው ተነሡ።

«ቢሻው ዘንድሮም በግራ በኩል ነው የሚቆመው? ብሏል።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ቢሻው ዞረ። ቢሻው አሁን የነጋሪት ሰው ሊያደርጉት ቢሞክሩ እንቢ ብሎ፣ ከተጫዋቾቹ ጋር ከአንድ ድስት የሚበላ ሰው ነው። አፍሮ እግሩን ያያል።

«እዚያው ነኝ በሉት» አለ ቀስ ብሎ።

ተሸካሚው ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህ ካላችሁ፣ እንግዲያው ዘንድሮ በቀኝ ነው የምመታው ብሏል።»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ነጋዴው ሚዛኑን ይዞ ይስቃል፣ አህያ የሚጭነው ይስቃል፣ ፈንታዬ ካባቸውን ይዘው ይስቃሉ። አባ ድንበሩ እየሳቁ እንባቸው ወረደ፤ ወይዘሮ ዘለቃ ጀርባቸውን መታ መታ አደረጉላቸው። ቢሻው ብቻ አልሳቀም። ገበያውን ትቶ ወደ ሜዳው ሄደ፤ በቀኝ በኩል ጠርዝ ላይ ቆሞ መሬቱን በእግሩ ይሞክር ጀመር።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው። ጆሮ ሰጥታችሁ አዳመጣችሁኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።